«ፍሬን በጠሰ» ይሉናል፤ በጣሹ ማን ነው?

ገመድ ይበጠሳል። ክር ይበጠሳል። ፍሬን ግን ከመሬት ተነስቶ አይበጠስም፤ በጣሽ አለው። አደጋ በደረሰ ቁጥር «ፍሬን በጥሶ ነው» ተብሎ መዝገቡ ሲዘጋ እኔ በበኩሌ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ሰሞኑን ከፈረንሳይ ጉራራ ወደ አራት ኪሎ በሚወርድ ሚኒባስ ጋቢና ተሳፍሬ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ሹፌሩ ፔዳሉን ደጋግሞ ይረግጥ ጀመር። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ይሄዳል። ማርሽ እያከበደ፣ የእጅ ፍሬን እየሳበ፣ ጎማውን ከመንገዱ ጠርዝ ጋር አፋትጎ አቆመልን። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ በድንጋይ ታኮ አደረገ። እግዜር ይስጣቸው!

የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከፍተን አየነው። የቡና አተላ! «ወንድሜ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ጎድሎ ነበር፤ አንዱ ጋራዥ በሃይላንድ ካለው ጨመሩልኝ» አለኝ። በሃይላንዱ ያለው ምን እንደሆነ ጨማሪው አልተናገረ፣ አስጨማሪው አልጠየቀ።

ወገኖቼ፣ የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ የሞተር ዘይት ዘመድ አይደለም። የሞተር ዘይት ጠብ ካለበት የፍሬኑን ጎሚኒዎች ያሳብጣቸዋል። ያኔ ደፍቶ አዲስ መሙላት ብቻ አያድንም፤ ቱቦው ታጥቦ ጎሚኒው ሁሉ መቀየር አለበት። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል፤ ከመቶ 4 እጅ ያህል ውሃ ከጠጣ ግን በ140 ገደማ ሊፈላ ይችላል። ፍሬን ሲግል ዘይቱ እንፋሎት ያወጣል፤ ሹፌሩ የሚረግጠው እንፋሎት ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ፔዳሉ ደህና ይመስላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው የእንጦጦ ጫፍ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርድ ሰው ሕይወቱን ያስያዘው ለዚህ ዘይት ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው ሹፌሩ ብቻ ነው? ማታ ማታ ገቢውን የሚቆጥረው ባለንብረትስ? «ቦሎ ተለጥፎለታል» ይለናል። አንድ ወዳጄ ለቦሎ መኪናውን ሲያስመረምር አብሬው ነበርኩ። መብራት ታየ፣ ክላክስ ተነፋ፤ የዚያን ዕቃ ክዳን የነካ ግን አልነበረም።

በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ሕዝቡ ልጆቹን ይዞ ሽቅብ ይወጣል። ውጡ የሚለን ሞልቷል፤ ስለ መውረዳችን ማን አሰበ? የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ፍሬን በጠሰ ሲባል ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም። የእነሱ በመንግሥት ካዝና ይጠገናል፤ የእኛ በሃይላንድ!

የምንጠይቀው ተአምር አይደለም። ቦሎ ሲለጠፍ ዘይቱ ይፈተሽ፤ የጠጣውን ውሃ የሚለካው መሣሪያ እስክሪብቶ ያክላል። የፍሬን ዘይት በታሸገ ዕቃ ብቻ ይሸጥ። ባለንብረቶችም በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ፤ ከአንድ ቀን ገቢያችሁ አይበልጥም። ሳይቃጠል በቅጠል!

እስከዚያው ጋቢና ስትቀመጡ የሹፌሩን እግር እዩ። አንዴ ለማቆም ሁለቴ ሦስቴ ከረገጠ ይሉኝታ አይያዛችሁ፤ «ወራጅ አለ!» በሉ።