«ይህ ቀን ይለፍ» ብዬ የመከርኳት እህት

ዛሬ የምጽፍላችሁ በሹክሹክታ እንጂ በመድረክ ስለማይነሣ ነገር ነው። ባሎች ሆይ፣ «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትዘሉት እለምናችኋለሁ።

የኮሮና ቫይረስ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ቤታችን ተቀመጥን፤ ጸሎታችንም በስልክ ሆነ። በግንቦት አንዲት በዕድሜ የምትበልጠኝ የጸሎት ባልደረባዬ ደወለችልኝ። የወር አበባዋ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደም አየሁ» አለችኝ። አብረን ጸለይን። ከዚያ «እትዬ፣ ሆስፒታል ሄደሽ በሽታ ከምትሸምቺ ይህ ቀን ይለፍ» ብዬ መከርኳት። ጸሎቱ መልካም ነበር፤ ምክሩ ግን ስሕተት ነበር፣ ስሕተቱም የእኔ ነው። ለባለቤቷ ነግራው እንደ ሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም።

ሐኪም ዘንድ የሄደችው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ነበር፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜም አልፎ ነበር። የቀረው የጨረር ሕክምና ነው። ጨረር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለሳምንታት የሚሰጥ ሲሆን ከተቋረጠ ፈውስ የማስገኘት ኃይሉ ይቀንሳል። ለብዙ ዓመታት ብቸኛው የጨረር ማዕከል የነበረው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነውና ወረፋው ከኮሮና በፊትም በወራት የሚቆጠር ነበር። በ2012 ደግሞ አውቶቡስ በግማሽ ሰው ሲጭን፣ ታሪፉም እጥፍ ሲሆን ከክፍለ ሀገር የምትመጣዋ እናት እንዴት ትድረስ? የእኛዋ እህት እንኳ ከተማ ውስጥ ሆና ደከመች። በ2014 ዓ.ም. ወደ ጌታ ሄደች። በለቅሶው ላይ ባለቤቷ «ባትነግረኝ ነው እንጂ ተሸክሜ እወስዳት ነበር» እያለ ሲያለቅስ አቀርቅሬ ተቀመጥሁ።

ለምን አልነገረችውም? ታፍር ነበር። ደሙ የሚታያት ከግንኙነት በኋላም ነበርና «ምን ይለኛል?» ብላ ፈርታለች። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳትን ሴት ታሪክ ስንት ጊዜ ሰብከናል! እርስዋ ግን ያን ሁሉ በሕዝብ ፊት ተናግራለች፤ እኛ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተን እንሸሻሸጋለን።

ባለትዳሮች ይህን እወቁ። የማሕፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው፤ አብዛኛው ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘዋል፣ በብዙዎችም ላይ በራሱ ይጠፋል። ሳይጠፋ ሲቀር ወደ ካንሰር ለመለወጥ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ በሚስትህ ላይ ቢገኝ የዝሙት ማስረጃ አይደለም፤ እባክህ በዚህ ምክንያት ቤትህን አታፍርስ።

ያ ረጅም ጊዜ ደግሞ የምሕረት ጊዜ ነው። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ይመረመራሉ። ነርሷ የማሕፀኑን በር አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ፣ ቀብታ ነጭ ምልክት መኖሩን ታያለች፤ ውጤቱ ወዲያው ይታወቃል። ገና ካንሰር ያልሆነ ቁስል ከተገኘ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ይወገዳል፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን። ከማረጥ በኋላ፣ ከግንኙነት በኋላ ወይም ያለ ጊዜው ደም ያየች፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የበዛባት ግን ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምርመራውን ሳትጠብቅ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ለልጃገረዶች ክትባቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል። በ2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ እንደ ሌላው ነገር እርሱም ተስተጓጎለ፤ የሴት ልጃችሁን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።

የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ጊዜ በሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አንሥቷል። «ይህ ቀን ይለፍ» የሚለው ልማዳችን ግን አልተነሣም፤ ኮሮና ሲያልፍ ኑሮ ውድነት፣ እርሱ ሲቀልል የልጆች ፈተና ይተካል። እኔም ሌላውን እየመከርሁ የራሴን ዓመት አሳለፍሁ። በመጨረሻ ስሄድ ባለቤቴ አብሮኝ መጣ። በአግዳሚው ላይ ከሴቶች መካከል ብቸኛው ወንድ እርሱ ነበር። ነርሷ «ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?» ብትለው «ባለቤቴን እየጠበቅሁ ነው» አላት፤ አጠገቡ የነበሩት ሴቶችም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት።