ሸክሙን ለሃምሳ



በጎንደር የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) መንደሮች አራስ፣ ወንድ ከወለደች 40 ሴት ከወለደች 80 ቀን፣ በአራስ ጎጆ ትቆይ ነበር። ምግቧን የሚያደርሱላት፣ ቤቷንና ልጆቿን የሚይዙላት ዘመድና ጎረቤት ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ወገኖቻችን በ36 ሰዓት ገደማ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። አውሮፕላኑ ሰውን እንጂ ጉርብትናን አላመጣም። ዛሬ እንደ ክፋር ዮናና ናታንያ ባሉ የእስራኤል ከተሞች ብዙ እናት ከሥራ ተመልሳ ብቻዋን ታበስላለች፤ በዕብራይስጥ የተጻፈውን ደብዳቤ የሚያነብላት ትንሽ ልጇ ነው።

ለእንዲህ ያለ ቤት ምክር ብቻ አይበቃም፤ እጅ ያስፈልጋል። ሕፃን የሚይዝ፣ የብሔራዊ መድን ቅጽ አብሮ የሚሞላ፣ ልጆችን የሚያስጠና እጅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ይህ እትም ያንን ሎሚ ስለመካፈል ነው።



አዘጋጁ