ሲጋራ ነክተው የማያውቁ እናቶች ሳንባ

በ2017 በጀት ዓመት አገራችን ከቡና ሽያጭ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ማግኘቷ ሲነገር እኔ ያስታወስኩት አንዲት በሽተኛዬን ነው። በጠቅላላ ሐኪምነት ሳገለግል ከሚዛን ተፈሪ በሸኮ አድርጎ ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ዳር የመጡ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ቡና ለቃሚ ነበሩ። የቲቢ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ጀምረው ጨርሰዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ በአክታቸው ጀርሙ አልታየም። ካርዳቸው ላይ «ሲጋራ አያጨሱም» ይላል፤ ከሥሩ «አስም» ተጽፏል። እኔም ቀደም ሲል አሞክሳሲሊን ጽፌ ሸኝቻቸው ነበር።

በኋላ «ማዘር፣ ስንት ዓመት ምድጃ አጠገብ ተቀመጡ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሌላ የት እቀመጣለሁ?» አሉኝ።

በሽታው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ፣ ሐኪሞች ሲኦፒዲ የምንለው ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት አኃዝ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ በዓለም 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ገድሏል። የተማርንባቸው የውጭ መጻሕፍት ዋናውን ጥፋት የሚጥሉት በሲጋራ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትንባሆ የሚጠቀመው አዋቂ 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት የሚያበስለው ቤተሰብ ከ90 በመቶ በላይ ነው። በቡናው አገር ደግሞ ዝናቡ ብዙ ወራት ስለሚዘልቅ እሳቱ ከቤት አይወጣም። ቡናው፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ፣ ቆጥ ላይ የሚደርቀው በቆሎ ሁሉ ጭስ ይፈልጋሉ። (ጭሱ ተባይ ያባርራል፣ የሣር ጣሪያውንም ያቆያል፤ የሚወደደውም ያለ ምክንያት አይደለም።) የቡና መፈልፈያው አቧራ ሲጨመርበት ለሳንባ እረፍት የለም።

ታዲያ ለምን አናየውም? የቲቢ ፕሮግራም ጠንካራ ነው፤ ሁለት ሳምንት ያሳለ ሰው ሁሉ ለቲቢ ይመረመራል፤ ይህም ትክክል ነው። ችግሩ ውጤቱ «የለም» ሲል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አለመኖሩ ነው። ማረጋገጫው በስፓይሮሜትር የሚደረግ የትንፋሽ ልኬት ነው። ቧንቧ የሚያሰፋ መድኃኒት ከተሰጠ በኋላ በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው አየር በጠቅላላ ከወጣው 0.70 በታች ከሆነ ጥበቱ ተረጋገጠ ማለት ነው። መሣሪያው ግን በጤና ጣቢያ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም። የሳንባ ስፔሻሊስት ሥልጠና እንኳ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

መሣሪያ እስኪመጣ ግን ጆሮ አለን። አስም ብዙውን ጊዜ በልጅነት ይጀምራል፣ ይመጣል ይሄዳል። ይህኛው ከአርባ ዓመት በኋላ ቀስ ብሎ ገብቶ ዳገት መውጣት ይከለክላል፣ ከዓመት ዓመትም ይብሳል። ያለፈ ቲቢም ራሱ ቧንቧ አጥብቦ ሊሄድ ስለሚችል «ታክመሻል፣ ድነሻል» ብሎ ፋይል መዝጋት አይበቃም።

ሕክምናውም ቢሆን የጠፋውን ሳንባ ባይመልስም ትንፋሽ ያቀልላል። ሳልቡታሞል በፓፍ ሲወሰድ ከእንክብሉ ይሻላል። ፓፉን ከትንፋሽ ጋር ማገጣጠም ላቃታቸው በባዶ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጥ ላይ የፓፉን አፍ ልክ ቀዳዳ ማበጀት ይበቃል። ሲብስ ለአምስት ቀን ፕሬድኒሶሎን ይሰጣል፤ ኦክስጅንም ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲደርስ እንጂ እስከ ጥግ አይለቀቅም። ይህን ሳላውቅ የለቀቅኩባቸው ሌሊቶች አሉ።

እኒያን እናት በሃይላንድ አለማመድኳቸው፤ ተሻላቸው። በሦስተኛው ወር ፓፉ ከተቋሙ ጠፋ። የጤና መድህን መታወቂያቸውን ይዘው ቢመጡም ከግል መድኃኒት ቤት በኪሳቸው ግዙ ተባሉ፤ የሚገዙበት አልነበራቸውም። ልጃቸው ምድጃውን ከቤት አውጥቶ ዳስ ሠርቶላቸው ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ግን ምድጃው ተመልሶ ገባ፤ እሳቸውም አጠገቡ ተቀመጡ።