ከአዲሱ ጌጥ በፊት የበሩ መቀርቀሪያ

የአንድ ሶፍትዌር አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ከተማሪዎች አንደበት በቅድሚያ የሚሰማው ጥያቄ «ምን ተጨመረበት?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሪሞት ዴስክቶፕ በሚባሉት ሶፍትዌሮች ረገድ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ እንላለን፤ እርሱም «የትኛው ቀዳዳ ተደፈነበት?» የሚለው ነው። ምክንያታችንን እነሆ።

ሪሞት ዴስክቶፕ ማለት ሌላ ክፍል፣ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር የሚገኝን ኮምፒውተር በኔትወርክ አማካይነት ፊት ለፊታችን እንዳለ አድርገን የምናዝበት ስልት ነው። የማውዛችንና የቁልፍ ሰሌዳችን ትእዛዝ ወደዚያ ይሄዳል፤ የዚያኛው ስክሪን ምስል ወደ እኛ ይመጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤክስ ዊንዶው ሲስተም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በ1998 ደግሞ በእንግሊዝ ካምብሪጅ የሚገኘው የኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ ቪ.ኤን.ሲ. የተባለውን ሶፍትዌር በነጻ ለሕዝብ አቀረበ። ማይክሮሶፍትም በዚያው ዓመት የራሱን አሠራር ይዞ ብቅ አለ።

የመሣሪያ እጥረት ላለባቸው ተቋማት የዚህ ስልት ጥቅም ግልጽ ነው። አንድ ኃይለኛ ኮምፒውተር ያለው ፋኩልቲ፣ ተማሪዎቹ በአሮጌ ማሽኖች ፊት ተቀምጠው ያንን ኃይል እየተጋሩ እንዲሠሩ ማድረግ ይችላል።

ስክሪንን በቀጭን መስመር ማሳለፍ

በመጀመሪያ ማሻሻያዎቹን ስለሚገባቸው እናመስግን። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ፒክስሎች አሉት። እያንዳንዱ ፒክስል 24 ቢት ቢይዝ አንዱ ምስል ወደ 50 ሚሊዮን ቢት ገደማ ይሆናል። በሴኮንድ 2 ሚሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ይህ አንድ ምስል ብቻ 25 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። በሴኮንድ 30 ምስል እንላክ ብንል ደግሞ 1.5 ቢሊዮን ቢት ያስፈልገናል።

መሐንዲሶቹ ይህን ችግር በብልሃት ተወጥተውታል። ቪ.ኤን.ሲ. የተለወጠውን የስክሪን ክፍል ብቻ ይልካል። የማይክሮሶፍቱ አሠራር ደግሞ ከጥንቱ ሥዕሉን ሳይሆን «እዚህ ቦታ ላይ ሣጥን ሣል» የሚለውን ትእዛዝ መላክን መረጠ። ኋላም የቪዲዮ መጨመቂያ ዘዴ ተጨመረ። የሰው ዓይን ከቀለም ይልቅ የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ስለሚያይ፣ የተለመደው መጨመቂያ የቀለሙን ዝርዝር በብዛት ይቀንሳል። ለፊልም ይህ አይጎዳም፤ የቀለም ጽሑፍን ጠርዝ ግን ያደበዝዛል። ከዊንዶውስ 10 ጋር የመጣው አሠራር የቀለሙን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ የሚያቆይ አማራጭ የጨመረው ስለዚህ ነው።

ይሁንና ማንኛውም ማሻሻያ የማያልፈው ወሰን አለ። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ኮምፒውተሩ 5,000 ኪሎ ሜትር ቢርቀን፣ አንድ ቁልፍ ነክተን ውጤቱን እስክናይ ቢያንስ 50 ሚሊሴኮንድ ማለፉ ግድ ነው። ስለዚህ «ፍጹም ፈጣን» የሚል ማስታወቂያ ሲነገረን ፊዚክስን እናስታውስ።

ለባለቤቱ የተከፈተ በር

ፍጥነቱ እንዲህ ከሆነ፣ ዋናው ጉዳይ ወደ ደኅንነቱ ይዞራል። ሪሞት ዴስክቶፕ በተፈጥሮው በር ነው፤ ለባለቤቱ የተከፈተውን በር ሌባም ሊሞክረው ይችላል። በቀድሞው ቪ.ኤን.ሲ. የይለፍ ቃሉ ከ8 ፊደላት ቢበልጥ ትርፉ አይቆጠርም ነበር፤ የሚተላለፈው ምስልም በምስጢራዊ ኮድ አልተለወጠም ነበር። በማይክሮሶፍት በኩልም ኮምፒውተሩ ለማያውቀው እንግዳ የመግቢያውን ስክሪን ከፍቶ ካሳየ በኋላ ነበር ማንነቱን የሚጠይቀው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ማሻሻያ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ እንግዳው በደጅ ሳለ እንዲጠየቅ አደረገ። ለዓይን የሚታይ ጌጥ የለውም፤ ዋጋው ግን ከብዙ ጌጥ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ይፋ የሆነው «ብሉኪፕ» የተሰኘው ጉድለት ለዚህ ምስክር ነው። አጥቂው የይለፍ ቃል ሳያውቅ፣ ተጠቃሚውም ምንም ሳይነካ፣ ጉዳቱ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሊዛመት ይችል ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን በ2014 ላቋረጠው ዊንዶውስ ኤክስፒ እንኳ መድፈኛ እስከ ማውጣት ደርሷል። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ ኤኒዴስክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ የራሱ ሰርቨሮች መጠቃታቸውን አስታውቆ ደንበኞቹ አዲሱን እትም እንዲጭኑ አሳሰበ። በር ሠሪውም ቢሆን ሊዘረፍ ይችላል ማለት ነው።

«በኋላ አስታውሰኝ»

እንዲህም ሆኖ በየኮምፒውተር ክፍሉ የማሻሻያው መልእክት ሲመጣ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለው ሲመረጥ እናያለን። ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ኢንተርኔቱ ገንዘብ ያስወጣል፤ መስመሩ ይዘገያል፤ አዲሱ እትም የለመድነውን ሥራ ያበላሽ ይሆናል የሚል ስጋትም አለ። እነዚህን ምክንያቶች አንንቃቸውም። ሆኖም መፍትሔ አላቸው። አንድ ኮምፒውተር ማሻሻያውን አንድ ጊዜ አውርዶ በውስጥ ኔትወርክ ለሌሎቹ ማደል ይችላል። ስጋት ካለም በቅድሚያ በአንድ ማሽን ላይ መሞከር ይቻላል። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ማብቃቱን ስናስብ ደግሞ ጉዳዩ የሚዘገይ አይደለም።

ከዚህም በላይ ማንም ማሻሻያ የማይደፍነው ቀዳዳ ሰው ራሱ ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው፣ ይህን ሶፍትዌር ጫንና ቁጥሩን ንገረኝ» ለሚል ድምፅ በሩን በገዛ እጁ የሚከፍትን ሰው ምንም መቀርቀሪያ አያድነውም። ሶፍትዌሩን ከሠሪው ገጽ ብቻ እናውርድ፤ የማንገለገልበትን በር እንዝጋ፤ ረጅም የይለፍ ቃል እንጠቀም፤ ያላወቅነውን ሰው አናስገባ።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እኛም የአዲሱን እትም ጌጥ ከማድነቅ በፊት መቀርቀሪያውን መመርመር ይቅደም እንላለን። ያ በር የሚከፍተው የአንድ ተማሪን የዓመት ሥራ፣ የአንድ ፋኩልቲን የፈተና መዝገብ ሊሆን ይችላልና። ጅቡ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አልጠቀመም።