ከፓምፑ ጋር ንድፉም ይሰጥ

ክፍት ምንጭ ሃርድዌር የሚባለው ንድፉ፣ ልኩና አሠራሩ ለሁሉም ይፋ የተደረገ ዕቃ ነው፤ የፈለገ ይሠራዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ይሸጠዋልም። በ2005 እ.ኤ.አ. በጣሊያኗ ኢቭሪያ የተጀመረው አርዱዊኖ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በዚህ መንገድ ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ባዝ ዩኒቨርሲቲ የተጠነሰሰው ሬፕራፕ ደግሞ አብዛኛውን የራሱን የፕላስቲክ ክፍል የሚያትም ስሪዲ ፕሪንተር ነበር፤ የዛሬዎቹ ርካሽ ፕሪንተሮች ብዙዎቹ የእሱ ዘር ናቸው።

ለመራዊና ለባሕር ዳር አካባቢ ግን ቅርቡ ምሳሌ የገመድ ፓምፕ ነው። የቆጋ ግድብ በመራዊ ዙሪያ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ታቅዶ ተሠርቷል፤ ቦዩ የማይደርስበት ገበሬ ግን ዓይኑ ከጉድጓዱ ላይ ነው። በጣና ዳርቻ በሮቢት ባታና በዳንግላ ወረዳ በዳንግሽታ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፓምፕ ከገበሬዎች ጋር ሞክረውታል። ንድፉ የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ በኒካራጓ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ተሻሽሎ ከተስፋፋ በኋላ ወደ በርካታ የአፍሪካ አገሮች ገብቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በገመድ ላይ በየርቀቱ የተሰኩ ጎሚኒዎች በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ ሲሳቡ ውኃውን ይዘው ይወጣሉ። መዘውሩ ከአሮጌ ጎማ፣ እግሩ ከብረት ቱቦ ይሠራል፤ የብየዳ ማሽንና መቁረጫ ያለው ሁሉ ይችለዋል። ጣጣው ያለው ጎሚኒው ላይ ነው። ከቱቦው ጋር ከጠበቀ መዘውሩን ማዞር ያደክማል፣ ገመዱም ቶሎ ይበላል፤ ከሰፋ ውኃው መልሶ ይወርዳል። የጉድጓዱ ጥልቀት ሲጨምር ቱቦው መቅጠን አለበት፤ አለበለዚያ የውኃው ክብደት ከአዟሪው ጉልበት ይበልጣል። እነዚህ በዓይን ግምት የሚገኙ ልኮች አይደሉም።

ብየዳ ቤቶች ደግሞ ዕቃን ከዕቃ አይተው ይሠራሉ። በዚህ መንገድ የሚተላለፈው ቅርጹ ብቻ ነው፤ ልኩ ለምን እንደተመረጠ አይተላለፍም። አንዱ ባለሙያ ያገኘው ማሻሻያ ከደጁ አይወጣም፣ የሌላው ስህተት ግን ከፓምፕ ወደ ፓምፕ ይባዛል። መኮረጅ ክፍትነት የሚመስላቸው አሉ፤ ያለ ንድፍ የሚደረግ ኩረጃ ግን ግማሽ ክፍትነት ነው።

የፈጣን ናሙና ሥራ ጥቅምም እዚህ ላይ ይታያል። የጎሚኒ ቅርጽ ማውጫ ዛሬ በስሪዲ ፕሪንተር በሰዓታት ውስጥ ይታተማል፣ መብራት ካልጠፋ። ጎሚኒው ጉድጓድ ላይ ይሞከራል፣ ግማሽ ሚሊሜትር ይቀነስለታል፣ እንደገና ይታተማል። ትክክለኛው ልክ ሲገኝ ከተሞከረበት ጥልቀትና ከቱቦው ስፋት ጋር በአንድ ገጽ ይሰፍራል። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የሰርን ምርምር ተቋም ክፍት ሃርድዌር ፈቃድ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፦ የተሻሻለውን ዕቃ ለሌላ የሚያስተላልፍ ማሻሻያውንም አብሮ ይፋ ያድርግ።

ባሕር ዳር ለዚህ የሚሆን አቅም አላት። ፖሊቴክኒኩ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ትብብር ሲቆም ዓላማው ባለሙያ ቴክኒሻን ማፍራት ነበር፤ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። የግብርና ሜካናይዜሽን ምርምር ማዕከልም እዚያው ከተማ አለ። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ናሙና ሁሉ ንድፉ በአማርኛ፣ ልኩ በሚሊሜትር ተጽፎ መራዊ ላለው በያጅ በነፃ ሊደርሰው ይገባል።