ክትባቱ የከብቱን መንገድ ይከተል

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ግብርና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የእንስሳት በሽታ መከላከል ዕቅድ በእንስሳት ዝውውር መስመር እንዲነደፍ ስለመጠየቅ

ኢትዮጵያ በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት። ይህን ሀብት ከበሽታ የምንጠብቅበት ዕቅድ ግን በአብዛኛው የሚነደፈው በአስተዳደር ወሰን ነው። ወረዳው ሪፖርት ያደርጋል፣ ዞኑ ይደምራል፣ ክልሉ ክትባት ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜም ክትባቱ የሚደርሰው ወረርሽኙ ከተነሳ በኋላ፣ በሽታው ወደታየባቸው ቀበሌዎችና ወደ አጎራባቾቻቸው ነው። በሽታ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው የሚሻገርበትን መንገድ የሚወስኑት ግን የመሬቱ አቀማመጥ፣ የውሃው ቦታ፣ ገበያውና ጎዳናው ናቸው። ሚኒስቴሩ የመከላከል ዕቅዱን በእነዚህ ላይ እንዲመሠርት ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ በሽታ የራሱ መልክዓ ምድር አለው። ገንዲን የሚያስተላልፈው ቆላ ዝንብ በአባይ፣ በዴዴሳ፣ በጊቤና በኦሞ ሸለቆዎች ይራባል፤ ወደ ደጋው ከፍ ሲባል ብርዱ ይገታዋል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት ገበሬዎች፣ አንዱ ከወንዙ ዳር ሌላው ከተራራው አናት ቢሆኑ፣ የሚያሰጋቸው በሽታ አንድ አይደለም። አባሰንጋ ደግሞ ዘሩ በአፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ከብት የሞተበት መስክ ራሱ የስጋት ምንጭ ሆኖ ይቀራል። አፍተግር ከሁለቱም ይለያል፤ በሩቁ የሚጓዘው በዋናነት ከከብቱ ጋር ነው። ከቦረና የተገዛ ኮርማ በመኪና ተጭኖ አዳማ ማድለቢያ ሲገባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዟል። በአፍተግር ዓይን ያቤሎና አዳማ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ገበያ የማያገናኛቸው ሁለት ተጎራባች ቀበሌዎች ግን ሊራራቁ ይችላሉ።

ይህን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪታንያን የመታው የአፍተግር ወረርሽኝ ነው። በሽታው የተገኘው በየካቲት ወር በኤሴክስ አንድ ቄራ ውስጥ በነበሩ አሳማዎች ላይ ቢሆንም፣ መነሻው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ የአሳማ እርባታ እንደነበረ በምርመራ ታወቀ። መኖሩ ከመታወቁ በፊት ግን በሄክሳምና በሎንግታውን ገበያዎች ከተሸጡ በጎች ጋር እስከ ደቡብ ምዕራቡ ዴቨን ደርሶ ነበር። የእንስሳት ዝውውር ከታገደ በኋላ ሥርጭቱ መልኩን ቀየረ፤ አብዛኛው አዲስ ጉዳይ ቀድሞ ከታመሙት እርባታዎች አቅራቢያ ይታይ ጀመር። በመጨረሻ በሽታው ከ2,000 በላይ እርባታዎችን አዳርሶ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንስሳት ታረዱ። እንግዲህ በሽታውን በአገር ላይ የሚበትነው ገበያ ነው፤ ቅርበት የሚያሰፋው ቀድሞ የተበተነውን ነው። የታመመውን ቀበሌ ዙሪያ መከተብ ለሁለተኛው ምዕራፍ ተገቢ መልስ ሲሆን ለመጀመሪያው ግን ዘግይቶ የሚደርስ ነው።

ከእኛው ታሪክ የከብት ደስታ በሽታን የመሰለ ምስክር የለም። እ.ኤ.አ. በ1887 በምጽዋ በኩል ገብቶ በከብት መንገድ ወደ መሀል አገር ዘለቀ፤ በሬውን ጨርሶ ለክፉ ቀን ረሀብ ዋና ምክንያት ሆነ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን የክትባት ዘመቻ ደጋውን ደጋግሞ ቢያዳርስም በሽታው ይመለስ ነበር፤ ቫይረሱ እንደ አፋር ባሉ የአርብቶ አደር ቆላዎች ተደብቆ ይቆይ ነበርና። መፍትሔው የመጣው የመደበቂያ ቦታዎቹ ተለይተው ጥረቱ በእነሱ ላይ ሲያተኩር፣ ሙቀት የሚችል ክትባትም ከራሱ ከአርብቶ አደሩ መካከል በሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች እጅ ሲሰጥ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም በሙሉ ከበሽታው ነጻ መሆኑ ታወጀ።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሱ ይችላሉ። አንደኛው፣ የእንስሳት ጤና አገልግሎት የክልሎች ሥራ ስለሆነ መስመርን የተከተለ ዕቅድ ሥልጣናቸውን ይሻማል የሚል ነው። ከክልል ወደ ክልል የሚነዳውን ከብት ግን አንድ ክልል ብቻውን ሊቆጣጠረው አይችልም፤ ክትባቱን ክልሎች ይስጡ፣ መስመሩንና ጊዜውን ማቀናጀት ግን የፌዴራሉ ድርሻ ነው። ሁለተኛው፣ መስመሩን መከታተል ገበያ ወደመዝጋት ያመራል፣ አርብቶ አደሩንም ይጎዳል የሚለው ነው። ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በድርቅ ጊዜ መንጋውን ማንቀሳቀስ የህልውና ጉዳይ ነው። ነገር ግን ገበያ ለመዝጋት የምንገደደው ቀድመን ሳንከትብ ስንቀር ነው። ከብቱ ከመነሳቱ ሳምንታት አስቀድሞ ከተከተበ መንገዱን መዝጋት አያስፈልግም። ሦስተኛው የገንዘብና የመረጃ እጥረት ነው። ክትባቱ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ ግን የት ቢውል የበለጠ እንደሚጠቅም መለየቱ ይበልጥ ግድ ይላል። መረጃውም ቢሆን ከዜሮ አይጀምርም፦ የገበያ ቀረጥ ደረሰኝ፣ የሚሌና የጅግጅጋ ኳራንቲን ጣቢያዎች መዝገብ፣ የነጂውና የነጋዴው ዕውቀት አለ። ወቅቱም አስቀድሞ ይታወቃል፤ ዝውውሩ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለአረፋ ይበረታል፣ በበጋ ደግሞ መንጋው በጥቂት የውሃ ቦታዎች ላይ ይከማቻል።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ በሚቀጥለው ዓመት ዕቅዱ ሦስት ነገሮችን እንዲያካትት እጠይቃለሁ። ብዙ መስመሮች የሚገናኙባቸውን ገበያዎችና የውሃ ቦታዎች ለይቶ ዝርዝራቸውን ለሕዝብ ያሳውቅ፤ የክትባት መርሐ ግብሩን ከበዓላትና ከግጦሽ ወቅቶች አስቀድሞ ያውጣ፤ የአንዱ የአፍተግር ቫይረስ ዓይነት ክትባት ከሌላው ስለማይከላከል፣ በየመስመሩ የትኛው ዓይነት እንደሚጓዝ የሚያሳይ ናሙና በሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በቋሚነት ያስመርምር። የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት በተያዘው ግብ ኢትዮጵያም ተሳታፊ ናት፤ የቀረው ጊዜ ጥቂት ነውና ሥራው ከዚህ በሽታ ቢጀመር ይመረጣል።

ከአክብሮት ጋር