ስንብት በሰሌዳ አይነገርም

ሠራተኛ መቀነስ የግድ ሲሆን፣ ቀናሹ ኃላፊ የሚሰማው ምክር በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ነው፤ «አንጀትህን ጠበቅ አድርግ፤ ሥራ ነው፤ ደብዳቤውን ስጥና ዞር በል።» ከደሴ ሰኞ ገበያ አንስቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ እስከ ኮምቦልቻ ይህ ምክር እንደ ብስለት ይቆጠራል። እኔ ግን ሠራተኛውንም ኃላፊውንም የሚጎዳ ክፉ ምክር ነው እላለሁ።

ቅነሳ አንዳንዴ አይቀሬ መሆኑን አልክድም። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ተስፋው የውጭ ገበያ ነበር። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ገባ፤ ፋብሪካና መጋዘን ተዘረፈ። መንግሥት ከተሞቹን በኅዳር መጨረሻ መልሶ ከያዘ ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ትእዛዝ የቀረበት ፋብሪካ ደመወዝ ከየት ያመጣል? እንዲህ ባለ ጊዜ የስም ዝርዝር የሚያዘጋጅ የሰው ሀብት ኃላፊ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

የሚፈረድበት እንቅልፉን ለመመለስ በሚመርጠው መንገድ ነው። የተለመደው መንገድ ሽሽት ነው። ዝርዝሩ ዓርብ ማታ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ደብዳቤውን ጥበቃው በር ላይ ያድላል፤ ኃላፊው ስልኩን ይዘጋል። ሰኞ ጠዋት በሰርቪስ የመጣችው ሠራተኛ መባረሯን የምትሰማው በሩ ላይ ነው። ኃላፊው ለዚያ ቀን ከእንባዋ ያመልጥ ይሆናል። ነገ ግን ገበያ ላይ ያገኛታል፤ ልጆቻቸው አብረው ይማራሉ፤ በአንድ ቅሬ (እድር) ይቀብራሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ሰው ከሰው ተደብቆ የሚኖርባቸው ከተሞች አይደሉም።

ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚነገር ደግሞ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። መርዶ ሲኖር ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ማልዶ ይሄዳል፤ ሐዘንተኛውን አስቀምጦ ይነግረዋል፤ «አብሽር» ብሎም አብሮት ይቀመጣል። መርዶ ነጋሪው ልበ ደንዳና ስለሆነ አይደለም የሚችለው፤ ወጉ ደግፎት ነው።

ለቅነሳም ወግ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅነሳ ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኛው ተወካዮች ጋር ተመክሮበት እንዲፈጸም ያዛል። ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ፤ በዚህ እኩል ከሆኑ የአገልግሎት ዘመንና የቤተሰብ ብዛት ይታያል፤ አካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ የተጎዱና ነፍሰ ጡሮች ቅድሚያ ጥበቃ አላቸው። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ አለ። ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሆኖ ለየተጨማሪው ዓመት ሲሶው ይታከልበታል፤ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ለተቀነሰ ሠራተኛ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል፤ ሒሳቡም በ7 የሥራ ቀናት መዘጋት አለበት። ብዙ ኃላፊ ይህን አዋጅ የሚያየው ከክስ ማምለጫ አድርጎ ነው። እኔ የኅሊና መደገፊያ ነው እላለሁ። «ለምን እኔ?» ለሚለው ጥያቄ የሚነገር እውነተኛ መልስ ያለው ሰው ዓይን ለዓይን ለመተያየት አይፈራም። በዘመድና በጥቆማ ዝርዝር ያወጣ ግን ምንም ዓይነት ምክር አያሳርፈውም፤ አለማሳረፉም ተገቢ ነው።

«ቀድመው ከሰሙ ንብረት ያበላሻሉ» የሚሉ አሉ። ለዓመታት ማሽን በአደራ የተሰጠውን ሠራተኛ በመጨረሻው ወር ሌባ አድርጎ ማየት ስድብ ነው፤ ቂምን የሚወልደውም ይኸው ጥርጣሬ ነው። «ብዙ ስለሆኑ አይዳረስም» የሚሉም አሉ። የፈረቃ አለቆች አሉ፤ ማኅበሩ አለ፤ ሠራተኛን በአንድ ቀን ቀጥሮ ያስገባ ድርጅት በክብር ለማሰናበት ጥቂት ቀናት አያጣም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ያማል። ማመሙ ግን ነውር አይደለም፤ የሰው እንጀራ ቆርጦ ምንም የማይሰማው አለቃ ነው የሚያስፈራው። ስለዚህ ኃላፊዎች ሆይ፣ አንጀታችሁን አታጥብቁ። ዝርዝሩን በሕጉ አውጡ፤ በራሳችሁ አፍ ንገሩ፤ ገንዘቡን በቀኑ ክፈሉ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃውን በእጃቸው አስይዙ። ሰው ማሰናበት ካልቀረ በዚህ መንገድ ይሁን።